ጋሽ ኤርሲዶና የረግረጉ ቄጠማ

ጋሽ ኤርሲዶ ማረፋቸውን የሰማሁት በስደት በምኖርበት ክሊፕታውን፣ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ዳቦ እየሸጥኩ ሳለ ነው። የደወለችው ሆሳዕና ያለችው ልጃቸው ናት፤ አገር ቤት ከተመለሱ ወዲህ የሚኖሩት እሷ ዘንድ ነበር። «አባባ ትናንት ምሳ በልተው በረንዳ ላይ ዐረፍ እንዳሉ በዚያው ቀሩ» አለችኝ። ስልኩን አስቀምጬ የደንበኛውን ዳቦ በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ደንበኛው «ማይ ፍሬንድ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። እዚህ ሰፈር የውጭ አገር ባለሱቅ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው።

«ሽማግሌው ሞቱ» አልኩት። «የትኛው? የረግረጉ?» ሲል ራሴን ነቀነቅሁ። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ክሊፕታውን ውስጥ ለሐበሻ ባለሱቅ ኮፍያ ሲወልቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ከጋሽ ኤርሲዶ ጋር የተዋወቅነው ወረርሽኙ ገብቶ ሁሉም ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ በታዘዘበት ወቅት ነው። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ያኔ ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክሜ ቤት ለቤት እያዞርኩ እሸጥ ነበር። ሎክዳውን ሲታወጅ የሰው በር ማንኳኳት ክልክል ሆነ። ሱቁን አብሯቸው የሚሠራው የእርሳቸው ታናሽ ወንድም ደግሞ ዘመድ ሊጠይቅ አገር ቤት እንደሄደ በረራ ተቋርጦ እዚያው ቀርቶ ነበር። ምግብ የሚሸጥ ሱቅ ፈቃድ አውጥቶ እንዲከፍት ሲፈቀድለት፣ ብቻቸውን ስለሆኑ የሚያግዛቸው ሰው ይፈልጋሉ ተብሎ ተነገረኝና ሄድኩ።

አጭር፣ ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው። የሸሚዛቸው የአንገት ቁልፍ ሁልጊዜ የተቆለፈ ነው። አንገታቸው ላይ በጫማ ክር ያንጠለጠሏት ትንሽ ማጉያ መነጽር አለች። መጀመሪያ የወርቅ ሥራ የሚሠሩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ወደዚህ አገር ከመምጣታቸው በፊት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ቤት መሥራታቸውን የሰማሁት። ምሁራኑ ከየአገሩ ተክል ነቅለው ያመጣሉ። ጋሽ ኤርሲዶ በጋዜጣ መሃል ያስተኙታል፣ በእንጨት መጭመቂያ ጠፍረው ያደርቁታል፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ይሰፉታል። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም።

«ከሁሉ የምወደው ቄጠማ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «ለእናንተ ለአዲስ አበቤዎች ቄጠማ ሁሉ አንድ ነው። ገዝታችሁ ትጎዘጉዙታላችሁ። እኔ እዚያ ቤት የሰፋሁት የቄጠማ ዓይነት ብቻ ሁለት ቁም ሣጥን ይሞላል።»

መንገድ ላይ ሣር ካዩ ሳይቆሙ አያልፉም። አንዷን አገዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ አድርገው ያሽከረክሯታል። ሣር ከሆነ ድቡልቡል ነው፣ ቄጠማ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ጠርዝ አለው፤ ጠርዞቹ ጣት ላይ ይሰማሉ። «መጀመሪያ ዳሺው፣ ከዚያ እዪው» ይሉኝ ነበር። ሌላም የማይለያቸው ጥያቄ ነበራቸው፦ «እርግጠኛ ነሽ ወይስ ደስ ብሎሽ ነው?» የመጣው ዕቃ ሙሉ ነው ስላቸው ይህንኑ ይጠይቁኛል። ወረርሽኙ ሊያበቃ ነው ብዬ ከሬዲዮ የሰማሁትን ስነግራቸውም ይህንኑ ጠየቁኝ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን አብዛኛውን ጊዜ እርግጠኛ ሳልሆን ደስ ብሎኝ ነው የምናገረው።

ነገሩ የጀመረው በጎጎ ቶኮ ነው። ጎጎ ማለት በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይላቸዋል። ጎጎ ቶኮ ከባሕሩ ዳርቻ ናታል ተድረው የመጡ፣ ከወንዙ ዳር ቄጠማ እያጨዱ የመኝታ ምንጣፍ የሚሠሩ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ነዷቸውን ተሸክመው ስኳር ሊገዙ መጡ። ጋሽ ኤርሲዶ ስኳሩን በሱቁ የብረት ፍርግርግ ቀዳዳ እያቀበሉ ሳለ እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ጎጎ፣ ይቺን ቀጭኗን ከየት አጨዷት?» አሉ በእንግሊዝኛና በዙሉ ድብልቅ።

ጎጎ ቶኮ ነዷቸውን አውርደው አዩ። «እሷን አልፈልጋትም፤ ከሌላው ጋር ተቀላቅላብኝ ነው። እኛ አገር፣ ባሕሩ አጠገብ ያለው ረግረግ ላይ ሞልታለች። እዚህ ሳያት ገረመኝ።»

ጋሽ ኤርሲዶ ሱቁን ለእኔ ትተው በጎን በር ወጡ። አገዳዋን ተቀብለው ዓይናቸውን ጨፍነው አሽከረከሯት። ከዚያ ጫፏ ላይ ያለውን ቡናማ ራስ በመነጽራቸው አዩና ቀና አሉ። ወረፋ የያዘው ሰው ይጮኽባቸዋል። እርሳቸው አይሰሙም።

«ሰናይት፣ ይቺ እዚህ መሆን የለባትም» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ አዋጁ ትንሽ ላላና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ለእግር ጉዞ መውጣት ተፈቀደ። ጭንብላችንን አድርገን፣ ጎጎ ቶኮ እየመሩን፣ ሱቁ ሳይከፈት ወደ ረግረጉ መሄድ ጀመርን። ክሊፕታውንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወንዙ ላስቲክ፣ አሮጌ ጫማና የተሰበረ ወንበር ይዞ ነው የሚመጣው። ጋሽ ኤርሲዶ ጭቃው ላይ ተንበርክከው እያንዳንዷን አገዳ ይዳስሳሉ። አንድ ቀን ጠባቂ ወታደሮች ደረሱብን። አንደኛው «ለስፖርት ብቻ ነው የተፈቀደው፤ እናንተ ምን እየሠራችሁ ነው?» ብሎ አፈጠጠ።

«እንበረከካለሁ፣ እነሣለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ እነሣለሁ» አሉት ጋሽ ኤርሲዶ። «በእኔ ዕድሜ ይህ ይበቃል።» ወታደሩ ሳቀና አለፈን።

በአራተኛው ቀን አገኘናት። ከረጃጅሙ ሸምበቆ ባሻገር፣ የሁለት ክፍል ቤት ስፋት በማይሞላ ቦታ ላይ፣ ቀጫጭኖቹ አገዳዎች በአንድነት ቆመዋል። የቦታው ዳር ዳር አፈሩ በነጭ ነገር ተሸፍኗል። ጋሽ ኤርሲዶ ጣታቸውን ነጩ ላይ አስነክተው ወደ አፋቸው ወሰዱት።

«ጋሽ ኤርሲዶ! ኧረ ይተፉት! ከማዕድን ቁፋሮው የሚወርድ ቆሻሻ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ተፉትና በውሃ ተጉመጠመጡ። ፊታቸው ግን በርቷል። «ጨው ነው! እዚህ ባሕር የለም፤ ጨው ግን አለ። ከወርቁ ቁፋሮ ክምር እየታጠበ ይወርዳል። ይቺ ተክል የምትፈልገው ባሕሩን አይደለም፣ ጨዉን ነው። እንዴት እንደመጣች አላውቅም፤ ምናልባት ወፍ በእግሯ አምጥታት ይሆናል። መኖሯን ግን አያለሁ።»

እኔ በስልኬ ፎቶ አነሣሁና ጋሽ ኤርሲዶ የነገሩኝን የተክሏን ስም ጽፌበት ሰዎች ያገኙትን ተክል በሚለጥፉበት ገጽ ላይ አወጣሁት። በማግሥቱ ዶክተር ሌራቶ የምትባል የዕፅዋት ተመራማሪ መለሰች። መልሷ በትሕትና የተጻፈ ነው፤ ያላችሁት ተክል ከባሕር ዳርቻ ረግረግ ውጭ ታይቶ አይታወቅም፣ እዚያም ቢሆን እየጠፋ ያለ ነው፣ ይህ የሚመስለው የተለመደው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱ የሚለዩት በበሰለ ፍሬያቸው ብቻ ነው የሚል። ወቅቱ ደግሞ አልፎ ፍሬው ረግፏል።

እኔ ተናደድኩ። «ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ የቆዩትን እርስዎን በምን ታውቅዎታለች!» አልኩ።

«ትክክል ናት» አሉ ጋሽ ኤርሲዶ። «እኔም በእርሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነው የምለው። ፍሬ ሳናይ ምንም አላየንም። እስኪያፈራ እንጠብቃለን።»

ሰኔና ሐምሌ በዚህ አገር ብርድ ነው። በብርዱ መሃል ጋሽ ኤርሲዶ በበሽታው ተያዙ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተኝተው እኔ ምግቡን በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ስልክ ስደውልላቸው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነው የሚያወሩኝ። አንድ ቀን በጣም ፈራሁና «ለልጅዎ ልደውልላት?» አልኳቸው።

«ደውዪላት። እንዳታስደነግጫት ብቻ» አሉ። ትንሽ ሳሉና ቀጠሉ። «ረግረጉ ሄደሽ ነበር?»

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ አሁን እሱ ነው የሚያሳስብዎት?»

«ሸምበቆውን በብርዱ ወራት ያቃጥሉታል። ሥሯ ጭቃ ውስጥ ከሆነ ምንም አትሆንም። ደርቆ ከሆነ ግን ትጎዳለች። እዪልኝ።»

ሄድኩ። ሸምበቆው እውነትም ተቃጥሎ ሜዳው ጠቁሯል። ጥቁሩን አመድ በእንጨት ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ ጭቃው እርጥብ ነበር። ይህንን በስልክ ነገርኳቸው። ከዚያ «እንግዲያው ሾርባውን አሙቂልኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መብላት የቻሉት።

የገና በዓል አልፎ ሙቀቱ ሲበረታ ቄጠማዋ ከአምናው በልጣ ቆመች፤ አፈራችም። ፍሬዋ ከጤፍ ብትበልጥ በጥቂቱ ነው። የተለመደው ዓይነት ፍሬ ሦስት ገጽ አለው፤ ብርቅዬዋ ግን ጠፍጣፋና ባለ ሁለት ገጽ መሆን አለባት። ጋሽ ኤርሲዶ ፍሬዎቹን ባንኮኒው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግተው አራገፏቸው። ከዚያ መነጽሯን ከአንገታቸው አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ።

«እኔ አይደለሁም መጀመሪያ የማየው። እኔ ሁለት እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ የሚፈልግ ሰው ዓይን አይታመንም። አንቺ እዪና ሳትነግሪኝ ጻፊ።»

አየሁና በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። እርሳቸውም አይተው ለብቻቸው ጻፉ። ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን አደረግናቸው። ሁለታችንም የጻፍነው «ሁለት» ነው። እልል ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «ሌላ ሃያ ፍሬ እንይ» አሉ። ሃያውንም አየን። ከዚያ በኋላ ነው ፎቶውን የላክነው።

ዶክተር ሌራቶ በዚያው ቀን ራሷ ደወለች። «ጌታዬ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መጥቼ ላየው እፈልጋለሁ» አለች። ጋሽ ኤርሲዶ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ባዶ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ለብቻቸው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ደስታችን ግን ሳምንት አልቆየም። በወረርሽኙ ጊዜ ሥራቸውን ያጡ፣ የቤት ኪራይ ያቃታቸው ሰዎች በረግረጉ ጠርዝ ላይ የቆርቆሮ ቤት ሠርተው ነበር። የእነርሱ መሪ ብራ ሲፖ የሚባል ግዙፍ ሰው ነው። ብራ ሲፖ አንድ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች አስከትሎ መጣና የሱቁን ፍርግርግ በሁለት እጁ ያዘ።

«ማይ ፍሬንድ፣ መንግሥት ልጠብቀው ብሎ ቤታችንን የሚያፈርስበት ሣር አግኝተሃል ይባላል። እውነት ነው?»

ጋሽ ኤርሲዶ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እኔ «የለም፣ ወሬ ነው» ልል ነበር። በዚህ አገር የውጭ ሰው ሱቅ በምን ፍጥነት ተዘርፎ ባዶ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን። እርሳቸው ግን «ሣር ማግኘቴ እውነት ነው» አሉ። «ቤት ስለማፍረስ ግን የሰማሁት ነገር የለም። እሁድ ስብሰባ አላችሁ አሉ። መጥቼ ልንገራችሁ።»

ሰዎቹ እንደሄዱ ለመንኳቸው። «ጋሽ ኤርሲዶ፣ በፈጠረዎት! ለዶክተሯ ደውለን ተሳስተን ነው እንበላት። ሌላ ቦታ ነው ያየነው እንበላት። አላየንም እንበል።»

«አይቻለሁ እኮ» አሉኝ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። «የሌለውን አለ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ያለውንም የለም ብዬ አልጽፍም። ሰዎቹ ደግሞ መፍራታቸው ትክክል ነው። ስለዚህ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

እሁድ ሜዳው ላይ ሕዝቡ ተራርቆ ተቀምጧል። ጋሽ ኤርሲዶ ሸሚዛቸውን አንገታቸው ድረስ ቆልፈው፣ አንዲት አገዳ በእጃቸው ይዘው መሃል ቆሙ። እኔ አጠገባቸው ነኝ። «እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ» ብለው በተሰባበረ ዙሉ ጀመሩ፤ ሲቸግራቸው ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። «የእናንተ ቤት ዛሬ ቢነሣ ነገ የእኔ ነው የሚነሣው። ይቺ ተክል በዚህ አገር እየጠፋች ነው። ያገኟት የእናንተ ሰው ጎጎ ቶኮ ናቸው። ቦታዋን ደብቄ ሌላ ቦታ ናት ብዬ አልዋሽም። አሁን ግን ከእኔ ጋር ኑና በዓይናችሁ እዩት።»

ጎጎ ቶኮ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቀድመው መሄድ ጀመሩ። ሌላው ተከተለ። ቦታው ስንደርስ ጋሽ ኤርሲዶ በአራቱም ጥግ እንጨት ተከሉ። ብራ ሲፖ ዙሪያውን በእርምጃው ለካና ግራ ገብቶት ቆመ።

«ይኸው ነው? በቃ?»

«በቃ።»

«ይህ ከእኔ ግቢ ያንሳል!» ከሰዎቹ መሃል ሳቅ ተነሣ። ብራ ሲፖ ግን አልሳቀም። «ሽማግሌ፣ ይህንን ስትጽፍ እኛንም ጻፈን። እዚህ ሰዎች እንዳሉ ጻፍ። ሣሩን ያልነቀልነው እኛ መሆናችንን ጻፍ። ሲያነቡት እኛንም ያንብቡን።»

ጋሽ ኤርሲዶ እጃቸውን ዘረጉለት። በዚያ ጊዜ ሰው ሰውን መጨበጥ ይፈራል፤ ብራ ሲፖ ግን ጨበጣቸው። በማግሥቱ የሰፈሩ ሰዎች አሮጌ ጎማ እያንከባለሉ አምጥተው ቦታውን ዙሪያውን አጠሩት። እኔ እስካለሁበት እስከዛሬ ድረስ በቄጠማዋ ሰበብ የፈረሰ አንድም ቤት የለም።

ዶክተር ሌራቶ መጣች። የጠበቅሁት ሽበታም ነጭ ሴት ነበር፤ የመጣችው ጸጉሯን የተሠራች፣ ቦቲ ጫማ ያደረገች ከእኔ እምብዛም የማትበልጥ ጥቁር ሴት ናት። ረግረጉ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ግማሽ ቀን ዋለች። ስትወጣ ጋሽ ኤርሲዶን አየቻቸውና «አንተ ያልከው ነው» አለች። አንዷን ተክል በእርሳቸው እጅ አስነቀለቻት። ጋሽ ኤርሲዶ እዚያው ጋዜጣ ዘርግተው አስተኟት፤ ቅጠሏን በጥፍራቸው አስተካከሉ፣ አንዱን አገዳ አጥፈው ፍሬው ወደ ላይ እንዲታይ አደረጉ። ዶክተሯ ስታያቸው ቆይታ «እኔ እንደዚህ አሳምሬ አላውቅበትም» አለች።

ሱቁ ውስጥ ገብተን የመረጃ ወረቀቷን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። ተክሉ የተገኘበት ቦታ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ አካባቢው። ጋሽ ኤርሲዶ በሚያምረው የእጅ ጽሑፋቸው አንድ በአንድ ሞሉት። አካባቢ በሚለው ላይ «ከሰዎች መኖሪያ አጠገብ፤ ነዋሪዎቹ ዙሪያውን አጥረው ይጠብቁታል» ብለው በእንግሊዝኛ ጻፉ። «ያገኘው ሰው» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ የጎጎ ቶኮን ሙሉ ስም ጠይቀው ጻፉ። ከዚያ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«አልጨረስክም» አለች ዶክተር ሌራቶ። «ያንተስ ስም?»

«የእኔ አያስፈልግም።»

«ማነው ለይቶ ያወቀው? እኔ እንኳን አይሆንም ብዬ ነበር። ያንተ ስም ከሌለበት ወረቀቱን አልወስደውም።»

ጋሽ ኤርሲዶ ወደ እኔ ዞሩ። በአማርኛ፣ ዶክተሯ እንዳትሰማ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰናይት» አሉኝ፣ «በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ወረቀት ጽፌያለሁ። ያገኘው ሰው ዶክተር እገሌ፣ ፕሮፌሰር እገሌ እያልኩ። አንዳንዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ስሜን ጻፍ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

ብዕሩን አንሥቼ በእጃቸው አስያዝኳቸው። ወታደር ያላስፈራቸው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቀጥ ብለው የቆሙት ሰውዬ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው መልሰው አነሡት። ግራ እጃቸውን በቀኙ ላይ ደርበው፣ ፊደል በፊደል፣ ከጎጎ ቶኮ ስም ቀጥሎ ስማቸውን ጻፉ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት። ከዚያ ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው፣ የሌላ ሰው ስም እንደሚያነቡ ሁሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

ጎጎ ቶኮ ከፍርግርጉ ውጭ ሆነው «የእኔንስ?» አሉ።

የእርሳቸውንም አነበቡላቸው።